ስምንቱ ጺማሞች

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

ለልጄ፣ ለዝምተኛው፤

የፖስታውን ጀርባ ስታይ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ሳታውቀው አትቀርም። አዎ፣ እኔው ነኝ። እናትህ ደህና ናት፣ ቤቱም በቦታው አለ፤ ስለዚህ ሳትደነግጥ ቁጭ ብለህ አንብበኝ። እኔም ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማኩረፉ በቀር ደህና ነኝ። እናትህ አሁንም ከእኔ እጥፍ ትናገራለች፣ ከእኔ ግማሽ ትሰማለች። ደብዳቤ መጻፌን ታውቃለች፤ ምን እንደጻፍኩ ግን አላሳየኋትም።

መጀመሪያ ሳጥኑ ለምን እንደዘገየ ልንገርህ። የዛሬ ሰባት ወር ለእናትህ በስልክ «ያቺ የወታደሮቼ ሳጥን ካለች ላኩልኝ፤ ልጄ ልታያቸው ትፈልጋለች» ስትላት እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር። እሁድ እሁድ ስትደውል የምቆመው እዚያ ነው። ከሄድክ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖሃል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፅህን የሰማሁት በበር ስንጥቅ ነው። «እስቲ ከአባዬ ጋር አገናኚኝ» እንድትላት እጠብቃለሁ። አላልክም። እኔም «አምጪው» ብዬ ከእጇ አልወሰድኩም። ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ እሁድ እንድትላት ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም።

ሳጥኑን ጠቅልዬ ፖስታ ቤት ልወስደው ነበር። መንገድ ላይ እንዳይሰበሩ ላደላድላቸው ብዬ ከፈትኩትና እዚያው ቀረሁ። ስምንቱም አሮጌ ካልሲህ ውስጥ ተኝተዋል። ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ጺማቸው መታጠቂያቸው ላይ ደርሷል፤ መጥረቢያ ይዘዋል፣ አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ሰንደቅ ተሸክሟል። አንተ ሳትወለድ የተሠሩ የተረት ወታደሮች እንደሆኑ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው በጨዋታ እንደሚያዋጓቸው ነግረኸኝ ነበር፤ ያኔ ግማሹን እንኳ ልብ ብዬ አላደመጥኩህም። ከእርሳስ ብረት ስለተሠሩ ዕድሜ ነጭ ዱቄት አብቅሎባቸዋል። በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው። የማን ጥርስ ብሩሽ እንደሆነ እናትህ አታውቅም፤ ይህችን በሆድህ ያዛት።

ታጥበው መስኮቱ ሥር ሲደርቁ ሳያቸው እርቃናቸውን መላክ አሳፈረኝ። አንተም ከዚያ ቀን በኋላ ብሩሽ አላስነካሃቸውም። ሥራዬን ታውቃለህ፤ አርባ ዓመት የተጨረማመተ መኪና ስቀጠቅጥ፣ የተሰረጎደውን በቀለጠ እርሳስ ስሞላ፣ ስቀባ የኖርኩ ባትላሜራ ነኝ። ኮፈን ለቀባ ሰው አውራ ጣት የሚያህል ሰውዬ ምን አለው አልኩ። አቃተኝ። የመጀመሪያው ላይ ቀለም ጭኜ ጭኜ ጺሙ ጠፋ፤ የተላጨ ሙሽራ መሰለ። በቲነር አጥቤው ብሩሹን ወደሸጠችልኝ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ተመለስኩ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም» አለችኝ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «ቀለሙን ያቅጥኑት፣ ወተት እስኪመስል። ይታገሡት፣ ይድረቅ፤ ከዚያ ይደግሙታል።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስኪበቃው።»

እንደመከረችኝ አደረግኩ። በየቀኑ ፀሐይ ዞራ መስኮቱ ሥር ያለው ያንተ ጠረጴዛ ላይ ስትደርስ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የሁሉንም ጫማ፣ ቀጥሎ የሁሉንም መታጠቂያ፣ ከዚያ ቆባቸውን። መጨረሻ ላይ እንደ ውኃ የቀጠነ ቡናማ ቀለም ጠብ ሳደርግበት ማንም ሳይነዳው ራሱ የጺሙ እጥፋት ውስጥ፣ የዐይኑ ጉድጓድ ውስጥ ሄዶ ይተኛል። ያን ጊዜ ትንሹ ሰውዬ ሊናገር የተዘጋጀ ይመስለኛል። አንተ ይህን ታውቀዋለህ፤ ለምን ለማንም እንዳልነገርክ ነው የገረመኝ። ነግረኸኝም ይሆናል።

እንዳትስቅብኝ፣ ከዚያ የሚሆነውን ልንገርህ። ጠረጴዛው ይሰፋል። ጠርዙ አይታየኝም። ተራራ ሥር እገባለሁ፤ ዋሻው እርጥብ ድንጋይ ይሸታል፣ ከላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ስምንቱ ከፊቴ ይሄዳሉ፤ ከበሮ መቺው ቀስ አድርጎ ይመታል፣ እኔም በዚያው እርምጃ እከተላለሁ። ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ኩርፊያው ዞር ብሎ አያየኝም። አፍንጮ የሚባለው ግን ደግ ነው፤ ፋኖስ ወደ ኋላ ይዞ ያበራልኛል፣ «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ይለኛል። የት እንደምንደርስ አልጠይቀውም። ጉልበቴን አያመኝም፣ ሽበትም የለኝ። ቀና ስል ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወርዳለች፣ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ የቀባሁት ግን አንድ መታጠቂያ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር እንዲህ ዋሻ ውስጥ ሳለሁ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። እናትህ ናት፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«አንተ ሰውዬ! ሦስት ጊዜ ጠራሁህ እኮ! ቧንቧው ተነቅሎ ቤቱን ውኃ አጥለቀለቀው!»

«መቼ ጠራሽኝ?»

«ጆሮህ ሥር ቆሜ ነዋ!»

«አልሰማሁሽም።»

«ውሸት! ንቀት ነው ይሄ፣ ንቀት!»

ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ሄጄ ውኃውን ዘጋሁ፣ ወለሉን ወለወልኩ፣ የወረደብኝንም ሁሉ ተቀበልኩ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነበር እኮ። አልሰማኋትም።

ያን ቀን፣ የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት፣ አንተም እዚሁ መስኮት ሥር ነበርክ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመትህ። እኔ ታች ጋራዡ ውስጥ የመኪና በር በጉልበቴ ደግፌ እንድትይዝልኝ ሦስት ጊዜ ጠራሁህ። ባለመኪናው አጠገቤ ቆሞ «ልጅህ አያከብርህም መሰል» አለኝና ሳቀ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጀርባህን ሰጥተህ ቀለም ትቀባለህ። «አልሰማሁም አባዬ» አልከኝ። «ውሸታም! ንቀት ነው!» አልኩህ፤ ሌላም ብዙ አልኩህ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለቱም ደርሰውብኛል። ቀብተህ እንዲደርቁ የደረደርካቸውን ዐሥራ ሁለቱን በመዳፌ አፍሼ ወረድኩ። አቀለጥኳቸው። በእነሱ የሰውየውን መኪና ፓራፋንጎ፣ የተሰረጎደውን የጎማ ክዳን፣ ሞላሁበት። አንተ በሩ ላይ ቆመህ እስከ መጨረሻው አየህ። የአንድ ዓመት ሥራህ ነበሩ፤ አልጮህክም፣ አላለቀስክም። ሦስት ዓመት አብረን አንድ ቤት ኖርን፣ ከዚያ ሄድክ።

ለእናትህም፣ ለሠራተኞቹም፣ ላንተም ያልኩት አንድ ነው፤ «እርሳስ አለቀብኝ፣ ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር።» ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህንኑ አልኩ፤ ከመደጋገሙ የተነሣ እኔም ላምነው ምንም አልቀረኝም።

እርሳስ አላለቀብኝም ልጄ። ከሥራ ጠረጴዛዬ በታች ሁለት ያልተነኩ የእርሳስ ዘንጎች ነበሩ። አይቻቸዋለሁ። እያየኋቸው ነው ያንተን ያቀለጥኩት። እንዲያምህ ፈልጌ ነበር። ሙሉ ልብህን የሰጠኸው ነገር ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እኔ ታች ነበርኩ፣ ቀናሁ። ይኸው ነው።

አልሰማሁም ስትለኝ እውነትህን ነበር። አሁን አምኜሃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝ መብትህ ነው። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

አረንጓዴ ቆብ፣ ቢጫ መታጠቂያ፣ ቀይ ጺም። ቀለሙን ከየት አወቀው ትል ይሆናል። አንተ የቀባሃቸውን በወጉ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማቅለጫው ውስጥ። ከዚያ ወዲያ ከዐይኔ አልወጡም። ስምንቱን እነሱን አስመስዬ ቀባኋቸው። እጄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ይንቀጠቀጣል፤ አፍንጮ ላይ ቀዩ በዝቶበት ጠጥቶ ያደረ መስሏል። አትቆጣው።

ሲያልቁ የሚቆሙበት ጣውላ ሠራሁላቸው፤ አምስት አምስት ሆነው በአራት ረድፍ፣ ለሃያ የሚሆን፣ ልክ አንተ እንደነገርከኝ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰውዬ ዘንድም ሄጄ ነበር።

«እኒህኑ የሚመስሉ ዐሥራ ሁለት ከወዴት ይገኛል?» ብለው፣

«ምን ችግር አለው አባባ፣ አገኝልዎታለሁ» አለኝ፤ እውነትም በሳምንቱ አገኘልኝ።

በመዳፌ ይዣቸው ብዙ ቆየሁ። ሚዛናቸው እንኳ ያው ነው። ከዚያ መለስኩለት። ሃያ ሆነው ቢደርሷችሁ ለዐይን ያምራሉ፣ ግን ምንም ያልሆነ ይመስላል። ሆኗል። ስለዚህ ስምንቱን ከፊት አቆምኳቸው፣ ዐሥራ ሁለቱን ቦታ ባዶ ተውኩት።

አንድ እሁድ እናትህ የስልኩን ድምፅ ከፍ ስታደርገው ልጅህን ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ታድግልህ፣ ትባረክልህ። ጎጆህ ይሙቅ፣ እጅህ የያዘው ሁሉ ይቅናልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ጠርተሃት ዝም ካለችህ ከሩቅ አትጩህባት፤ ሄደህ ትከሻዋን ንካት።

ስድስት ዓመቷ ነው፣ መቁጠር ትችላለች። ባዶውን ቦታ አይታ «የቀሩትስ የት ሄዱ?» ማለቷ አይቀርም። ጠፉ አትበላት። ጦርነት ላይ ሞቱም አትበላት። «አያትሽ ተናደው አቀለጧቸው፤ ሌላ እርሳስ እያላቸው» በላት። ከዚያ ምን እንዳለች አንተው ራስህ ንገረኝ።

አባትህ