በቤታችን እሱ የምንለው

ልጄ፣ በሰው አገር የሰው ፍቅር ይስጥህ፤ ያወጣህ አምላክ በደህና ይመልስህ። ይህን ወደ ሱዳን የሚያደርስልኝን ነጋዴ ጥሊያን ቢፈትሸው ብዬ ስምህን አልጻፍኩም።

እዚህ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች። የምታውቃቸው ጎረቤታችን ከእስር ተፈተዋል፤ ከሰው ግን አያወሩም።

ልጅህ ብርቅዬ አፏን ፈታች። ሚስትህ ሰብሌም እኔም ሰላይ ፈርተን ስምህን ካነሳን ቆየን፤ እሱ ብቻ እንልሃለን። እሱ በልቶ ይሆን? ሙቀቱ እሱን ጎድቶት ይሆን? ብርቅዬም እሱ ማለት አንተ ብቻ መሰልካት፤ እሱ በተባለ ቁጥር ዞር ብላ በሩን ታይ ነበር።

ሰሞኑን ውሻው ወተቷን ደፋባትና «እሱ ነው የደፋው» ብላ አሳየችኝ። ሰብሌ ንግግር ገባት ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን አንተን አንስተን ስናወራ በሩን አላየችም። ቀና ብላ «እሱ ማን?» አለችኝ። ስምህ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ ሰምታ ደጅ ስትጫወት ብታወጣውስ ብዬ።

ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ የምታድርበት ቤት ሰላም ይሁን። ሲሆንልህ ና ልጄ፤ ማን እንደሆንክ አንተው ንገራት።

እናትህ