ትሕትና የምትባል ጓደኛ

ጉለሌ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? የዘንድሮ ክረምት እንዴት ያዛችሁ? የጫንጮ ብርድ ክፉ ነው፤ ያ ጉልበትሽ አሁንስ ተሻለሽ ወይ? ሩታዬስ እንዴት ናት? አማትሽስ ዓይናቸው ሻል አለላቸው? ሁላችሁንም ባላችሁበት ቸሩ መድኃኔዓለም ይጠብቅልኝ። እኔና ኢየሩ አለን። ሰውነታችን ደህና ነው፤ ስለ ልባችን ግን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትያለሽ። ትናንት አመሻሽ ላይ ስደውልልሽ ልነግርሽ ነበር። ግን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገሽኝ አማትሽ ከጎንሽ ሆነው ሲመርቁኝ ሰማሁና ተውኩት። ስለዚህ ይህን ለየሺ እሰጣታለሁ። ነገ ማለዳ ቀሚሶቿን ይዛ ወደ እናንተ ገበያ ትወጣለች። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። እዚያው እሷ ዘንድ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ወደ ቤት ይዘሽው እንዳትገቢ።

ነገሩ የጀመረው ከኮምፒውተሩ ነው። ከእናንተ ቤት ለኢየሩ የመጣላት አሮጌው። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ትንሽ ከሠራ ሥሩ ይግላል፣ ከበድ ያለ ነገር ሲከፍቱበት ድርቅ ብሎ ይቀራል። ተጭነውበት የመጡት ጨዋታዎች ግን አይከብዱትም። ሁሉም ነጻ ናቸው፤ ቀለል ያሉ፣ ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቷቸው። አንዱ ታንክ ለታንክ መተኳኮስ ነው፣ አንዱ መኪና መሽቀዳደም። ኢየሩ የወደደችው ግን ሰፈር የሚሠራበትን ነው። እንጨትና ድንጋይ ለቅመሽ ቤት ትሠሪያለሽ፤ ሌሎች ልጆችም ከየከተማው እየገቡ ከጎንሽ ይሠራሉ። ግቢያችን ውስጥ የምትኖረው ሰምሀል ኢንተርኔቷን አካፈለችን። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ እኔ ሽሮ ሜዳ ስፌት ላይ እውላለሁ፤ ልጄ ከቤት ሳትወጣ ጓደኛ አገኘች ብዬ ደስ አለኝ።

አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ቤታችንን ሠርታ አሳየችኝ። ከኋላው ዳገት ቆልላ ዛፍ ደርድራበታለች፤ ምንድን ነው ስላት እንጦጦ ነው አለችኝ። አንዲት ባዶ ክፍል ነበረች። ይቺስ የማን ናት አልኳት። "የአባዬ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ትሕትናን እዚያ ነው የተዋወቀቻት። አዲስ አበባ እኖራለሁ፣ ዕድሜያችንም እኩል ነው ብላታለች። ሌሎች ልጆች መጥተው የኢየሩን ግድግዳ ሲያፈርሱባት ትሕትና ታባርርላታለች። ድንጋይ ታቀብላታለች። ለአባቷ ክፍል በር ሠርታ ሰጠቻት። እራት ላይ ወሬው ሁሉ ትሕትና ሆነ። እኔም አንድ ቀን ከእናቷ ጋር ቤት ትምጣ እንጂ አልኩ። አስቢው እትዬ፣ በገዛ አፌ ጋበዝኩ!

ከዚያ ኢየሩ ዝም ማለት ጀመረች። እኔ ስገባ ስክሪኑን ታጠፋዋለች፣ እራቷን ነካ አድርጋ ትገፋዋለች። አንድ ቀን ዝናቡ መብራት አጥፍቶብን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። እኛ ቤት ግን መብራት ነበር። ኢየሩ የተሰጣ ልብስ ልታስገባ ወጥታለች፣ ጨዋታው እንደተከፈተ ነው። ጥግ ላይ የሚጻጻፉባት ቦታ አለች። አነበብኩ። "እናትሽ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?" ይላል። ከሥሩ፣ "ያወራነውን አጥፊው እሺ፣ እናቶች አይገባቸውም።" ከዚያ ደግሞ፣ "ድንቡሼ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?"

ድንቡሼ! በክርስትናዋ ቀን አንቺ ያወጣሽላትን ስም ከቤተሰብ ውጪ ማን ያውቀዋል? ትምህርት ቤት ማንም አይጠራትም። ሰምሀል እንኳን ሰምታው አታውቅም። ኢየሩ ስትገባ እጇን ይዤ ነግረሻታል ወይ አልኳት። "ሚካኤልን እማዬ፣ አልነገርኳትም። ዝም ብላ ነው የጠራችኝ፤ እኔንም ገርሞኝ ነበር" አለችኝና አለቀሰች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅ አይደለችም። የሚያውቀን ሰው ነው።

እትዬ፣ ፍርሃት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ከኋላዬ የሚመጣውን ሁሉ ዞር እያልኩ አየሁ። የአከራያችን ልጅ ደህና ዋልሽ ሲለኝ ዓይኑን ፈተሽኩ። የበሩን ቁልፍ ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ የጠገነልንን ሸፊን ጠርጥሬ ሱቁ ድረስ ሄጄ በሰው ፊት ጮህኩበት። ምስኪን፣ አልተቆጣኝም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ጨዋታውን አሁን ቢዘጉት ሰውየው ይሰወራል እንጂ አይተዋችሁም፣ ለፖሊስ ይንገሩ አለኝ። ሱቁን ዘግቶ ራሱ ጣቢያ ድረስ ወሰደኝ።

ሳጅን ሰናይት የምትባል ሴት ተቀበለችኝ። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። የጻፈው አንድም ነገር እንዳይጠፋ፣ ልጅቷ ግን ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ አለችኝ። "በእሷ ቦታ አንቺ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊ እጄ እዚያ ምንም አላውቅ አለኝ። ከግድግዳ ጋር ተጋጨሁ፣ ውሃ ውስጥ ገባሁ። "ዛሬ ምን ነካሽ?" ብሎ ጻፈ። አሞኛል ብዬ ጻፍኩ። አይዞሽ አለኝ፣ በልተሻል ወይ አለኝ። የሚያስፈራው እኮ ደግነቱ ነው! አባትሽ እንደናፈቀሽ አውቃለሁ ይላል። እናትሽ እኮ ትወድሻለች፣ ግን ሥራ ይበዛባታል ይላል። ልጄን ሆኜ እያነበብኩት እኔ ራሴ እንባዬ መጣ። ኢየሩ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ነው ስታነበው የኖረችው።

በኋላ ያሰበውን አወጣው። ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ነይ አለ። ታላቅ ወንድሜ ይዞኝ ይመጣል፣ የማይግል አዲስ ኮምፒውተር እሰጥሻለሁ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለ። "እሺ" ብዬ ጻፍኩ።

ትናንት ኢየሩን ሰምሀል ቤት አስቆልፌባት ወጣሁ። ጨዋታው ቀላል አይደል፣ የእኔን አሮጌ ስልክ እንኳ አልከበደውም፤ ሸፊ ከፈተልኝ። ሳጅን ሰናይት የሲቪል ልብስ ለብሳ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር መጣች። ፍራሽ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ቆምን። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤያለሁ። የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ሰው ይጋፋል፣ እኔ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ፊት አያለሁ። ሁሉም እሱን ይመስለኛል።

ከሱሉልታ በኩል የመጣ ሚኒባስ ቆመ። ከወራጆቹ መሀል የማውቀው ሰው አየሁ። እትዬ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ! በዚያ ጭንቀት መሀል ዘመድ መጣልኝ አልኩ፣ እግዚአብሔር የላከልኝ መሰለኝ። ልጠራው አፌን ስከፍት ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። እጄ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ።

"ደርሻለሁ ድንቡሼ። የት ጋ ነሽ?"

ሳጅን ሰናይት ታውቂዋለሽ ወይ አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ስሙን እዚህ ላይ ልጽፈው ደጋግሜ ጀመርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ቡናማ ጃኬት ለብሷል። ግራ ክርኑ ላይ ተጥፏል። በፋሲካ ሰሞን አንቺ ይጣፍልኝ ብለሽ በየሺ የላክሽልኝ፣ እኔ የጣፍኩት ነው።

ያዙት። ላስደስታት ብዬ ነው፣ ልጄ ማለት እኮ ናት ይላቸው ነበር። እኔን አላየኝም። አመሻሽ ላይ ስደውልልሽ አንቺ እየሳቅሽ፣ ሥራ ይዞት አዲስ አበባ ሊሰነብት ነው፣ አሁን ደውሎ ነገረኝ አልሽኝ። ከየት እንደደወለልሽ አውቃለሁ። አልነገርኩሽም።

ለኢየሩ ትሕትና የምትባል ልጅ የለችም ብዬ ነገርኳት። ማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ታዲያ የአባዬን በር ማን ነው የሠራው?" አለችኝ።

ነገ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል። ሳጅን ሰናይት በዋስ ሊወጣ ይችላል ብላኛለች። ቃሌን ስትቀበለኝ መጨረሻ ላይ፣ ቤቱ ውስጥ ሴት ልጅ አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለች አልኳት። ዕድሜዋን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ዝምታዋ ነው።

እትዬ፣ ሩታን ይዘሽ ነይ። ዛሬ ነገ አትበይ፣ አንብበሽ እንደጨረስሽ ተነሺ። ለአማትሽ እህቴ ታማለች በያቸው። ልብስ ብዙ አትያዢ፣ ሰው ይጠይቅሻል። ልጅቷን መንገድ ላይ ምንም አትጠይቂያት። እዚህ ትድረስ፣ ትብላ፣ ከኢየሩ ጋር ትጫወት። ሲረጋጋላት ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። ብትነግርሽ አትጩሂ፣ አታቋርጫት። ባትነግርሽም እቅፍ አድርጊያት። ምናልባት ምንም የለም ይሆናል። ምንም እንዳይኖር ነው ዛሬ ቅዳሴ ላይ ስማጸን ያረፈድኩት።

አላምንሽም ልትዪኝ ትችያለሽ። ትዳሬን አፈረሰችው ልትዪኝ ትችያለሽ። እየሰደብሽኝም ቢሆን ነይ። እዚህ ደርሰሽ ትጣዪኛለሽ።

ነገ ከረፋዱ ጀምሮ የሱሉልታ ታክሲ የሚያወርድበት ጋ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ካልመጣችሁ ማክሰኞ እቆማለሁ። እመብርሃን የፍልሰታን ጾም ተቀብላ መንገዳችሁን ታቅናላችሁ፣ ከክፉ ዓይን ትሰውራችሁ፣ ሁለታችሁንም እጄ ላይ ታድርስልኝ።

የምትወድሽና የምትፈራልሽ
ታናሽ እህትሽ