የተነቀለችው ማጥፊያ

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ሰላምታዬ አዳማ ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጃለኔን አራስነቱ እንዴት ይዟታል? ሕፃኗ ጡት በደንብ ትይዛለች? ትልቁ ልጇስ እህቱን ወደዳት? እኛ ቤት የታመመ የለም፣ ተመስገን። ግራ የገባው ሰው ግን አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። ስልክህን ከቀየርክ ወዲህ የማማክረው ሰው ስላጣሁ ይህን በጃለኔ ወንድም በጋዲሳ እጅ ልኬልሃለሁ።

ነገሩ የአባባ ላፕቶፕ ነው። መቼም አትስቅብኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ የጽሕፈት መኪናውን ትቶ የገዛው ጥቁር ላፕቶፕ ነው። አባባ ዛሬም ኡራኤል አጠገብ፣ ቀበሌው ፊት ለፊት ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ከቁልፎቹ አንዷ ላልታ መወዛወዝ ጀመረች፤ በነካት ቁጥር ትነሳለች። በፕላስተር ለጠፋት። ፕላስተሩም እየተላጠ ሲያስቸግረው አስጠግኚልኝ ብሎ ሰጠኝ።

ደምበል ጀርባ ገቢሳ የሚባል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ቁልፏን በወረንጦ ብድግ ሲያደርጋት ከሥሯ ቀጭን የፕላስቲክ ማያያዣ አለ፤ አንዱ ጥርሱ ተሰብሯል። ከአሮጌ ኪቦርድ ላይ ተመሳሳዩን ነቅሎ ቀየረላትና ከላይ ጫን ሲያደርጋት ቀጭ ብላ ገባች። በቃ፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ከዚያ ግን ኪቦርዱን ወደ መብራቱ አዘንብሎ አየና ሳቀ። ሌሎቹ ቁልፎች ደህና ናቸው፣ የላላችው ማጥፊያዋ ብቻ ነች፣ ላይዋ ላይ ያለው ምልክት ራሱ ተፍቆ አልቋል አለኝ። ባለቤቱ ገና ለማጅ ነው እንዴ፣ ከሚጽፈው የሚያጠፋው ይበልጣል አለኝ።

ተናደድኩ። አባባ ለማጅ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አራት ወረቀት በካርቦን ደርቦ የመታ ሰው! አንድ ፊደል ከተሳሳተ አራቱም ስለሚበላሹ ሐሳቡን ሳይጨርስ እጁን አያነሳም። ለእኛስ ስንት ጊዜ ነው አስቦ የሚጽፍ ሰው ማጥፊያ አያስፈልገውም ያለን? ለገቢሳም ይህንኑ ነገርኩት። እሱ ግን እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ዞረ።

ቤት ሳልደርስ አንድ ካፌ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ልክ አልሠራሁም፣ አውቃለሁ። ቁልፏን ልሞክር ብዬ ነው፤ ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ነው የምለው። የደንበኞቹ ማመልከቻ ሁሉ በየስማቸው ተቀምጧል። አንዱ ግን ስም የለውም። እንደማንኛውም ማመልከቻ ከላይ ቀን አለው፤ ቀኑ ጋዲሳ የልጅህን መወለድ መጥቶ የነገረን ማግስት ነው። ያን ዕለት አባባ እግዚአብሔር ያሳድጋት እንኳ ሳይል ነበር ተነስቶ የወጣው። ከቀኑ ሥር «ለልጄ» ይላል። ከዚያ «ጉዳዩ፦» ይላል። ከዚያ ባዶ ነው። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ ምንም የለም።

ይሄን ምን ልበለው? ለማንም ሰው ጉዳይ ቃል አጥሮት አያውቅም። ያንን ማመልከቻ እንኳ፣ ልጅ ያላት ሴት አገባ ብሎ ስምህ ከቤተሰብ ቅጹ ላይ እንዲሰረዝ ለቀበሌው የጻፈውን፣ የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነበር የጨረሰው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወረቀቱን እየደራረብኩ ሰጠሁት እንጂ አንድ ቃል አልወጣኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ይቅር በለኝ።

ማታ ላፕቶፑን ስመልስለት ቁልፏን ሦስት አራቴ ጫን ጫን አድርጎ ሞከራት። ልጁ እጀ ወርቅ ነው አለ። ቀጥሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በጥፍሩ መንግሎ አወጣት! ምነው አባባ፣ አሁን አሠርቼልህ ብዬ ጮህኩ። እሷ ካለች እጄ አያርፍም አለና ሸሚዙ ኪስ ከተታት። ከዚያ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ እንደ ድሮው፣ ሳያቋርጥ።

ዛሬ ጠዋት በማለዳ ሱቁ ሄዶ አትሞ ሲመለስ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝና ለጋዲሳ ስጪው አለኝ። ለማን እንደሆነ አልተናገረም፣ ላዩ ላይም አልጻፈበትም። እሱ ሥራ ሲወጣ ማጥፊያዋን ሱቁ ወስጄ ልመልስለት ብዬ የትናንት ሸሚዙን ኪስ ብዳብስ የለችም። አልጋ ሥር ፈለግኩ፣ ቤቱን ጠረግኩ፣ የለችም። ማታ ሲመጣ ጉልበቴን በከንቱ አስጨረስከኝ እለዋለሁ።

ፖስታውን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። አልከፈትኩትም፣ በእናታችን ነፍስ። ብቻ ስይዘው ከወረቀቱ መሃል ጥፍር የምታክል ጠንካራ ነገር ትቆረቁራለች። ስትቀደው ቀስ ብለህ ነው፣ እንዳትወድቅብህ።

የሕፃኗ ክርስትና መቼ ነው ብሎም ጠይቆኛል። ሰማንያ ቀኗ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ይሞላል አልኩት። ነጠላውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሰጣው።

ጃለኔን እመቤታችን በሰላም ታንሳት። ሕፃኗን ግንባሯን ሳምልኝ፣ ትልቁንም እንዳትረሳው። የልብህን ሐሳብ አምላክ ያቅናልህ።

ወረቀት አቀባይዋ፣
ታናሽ እህትህ