ሳላነብ የፈረምኩት

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሄርማታ ገበያ ወርጄ ክርና ዚፕ ገዛሁ። የሦስት ልጆች ዩኒፎርም ገና አልተሰፋም። ከዚያ በልጄ በሳቢሃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ስለነበር ሄድኩ። ለአንድ ሰዓት ብዬ ገብቼ የወላጅ ኮሚቴ ሆኜ ወጣሁ... ያውም ሰብሳቢ!

እንዴት እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። ከኋላ አንድ ሰው «ሐጂራ ልብስ ሰፊዋ ትሁን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ትናገራለች» አለ። እጅ ወጣ። አሥረኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሴት ነኝ፣ የተማረ ፈልጉ ብል ሳቁብኝ። ደሞዝ የለውም፣ በበጎ ፈቃድ ነው አሉ። ለዚህ ነዋ ሌላው ሰው ሁሉ አቀርቅሮ የነበረው!

ሳቢሃ ስትሰማ «እማ፣ አሁን በየቀኑ ትምህርት ቤት እየመጣሽ ልታሳፍሪኝ ነው?» አለች። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ሁሉም ነገር ያሳፍራታል።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ስብሰባ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ዳይሬክተሩ አቶ ኤልያስ ትሁት ሰው ናቸው፤ ለስላሳ አስመጥተው ተቀበሉን። ስለ አጥሩና ስለ ቧንቧው አወራን። ከዚያ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ዘረጉልኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፎበታል። «ያወራነው ነው ወይዘሮ ሐጂራ፣ እዚህች ጋ ብቻ» አሉኝ። ሱቅ ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነበር። ፈረምኩ። ሌሎቹም ተከትለውኝ ፈረሙ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ጋሽ ከፈለ ሱቅ መጡ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ እዚያ የምትማር የልጅ ልጅ ስላለቻቸው ለኮሚቴው አብረውኝ ተመርጠዋል። አንድ የወላጅ ኮሚቴ መመሪያ ይዘውልኝ መጡ። «አንብቢው፣ ሥራሽ እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝና ሄዱ።

ስፌት መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከትምህርት የሚቀሩ ልጆችን መከታተል። የልጆችን ደኅንነት መጠበቅ። የወላጅን አቤቱታ ሰምቶ መልስ ማሰጠት። ችግር ሲኖር አስቸኳይ ስብሰባ መጥራት... እኔ እኮ አጥር ማሳጠርና የወላጆች ቀን ማዘጋጀት መስሎኝ! ይሄን ሁሉ ማን ይሠራዋል? እኔ?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሄድኩ። አቶ ኤልያስ ገረማቸው። የቀሪዎችን ስም ማየት እፈልጋለሁ አልኳቸው። ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ ብዙ ቀሪ አለ፤ ከአምስተኛ ክፍል ብቻ አሥራ አንድ። ከቤተሰብ ጋር ወደ አጋሮና ጎማ በኩል ለለቀማ ሄደው ነው። አንዷ የት እንዳለች ግን ማንም አያውቅም። ሱሀይላ ትባላለች። ከመስከረም 21 ጀምሮ የለችም።

«ቤቷ የት ነው?» አልኩ። «ከኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር አለፍ ብሎ» አለችኝ የክፍል አለቃዋ፣ ከዚያ ጓደኞቿን አየት አደረገችና ዝም አለች።

ለምን ዝም አለች?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። እናትየዋ ሳሊሀ ትባላለች። የቡና መጋዘን ውስጥ መጥፎውን ፍሬ ከደህናው እየለየች የምትውል፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ ሴት። አማርኛ አትችልም። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ግራ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አለ። ስጠራት በቀኝ በኩል ዞራ ነው የሰማችኝ።

ምን ሆንሽ አልኳት።

«ባርሲሳን ና ሩኩቴ።» መምህሩ መታኝ።

የትኛው መምህር?

ጋሽ ሀቢቡላህ። ሒሳብ ተሳስታ፣ በጥፊ፣ ጆሮዋ ላይ።

ወላሂ! ጋሽ ሀቢቡላህ... የእኔ መምህር!

ሳሊሀን ለምን አልተናገርሽም አልኳት። ሦስት ሰዎች ስኳር ይዘው መጥተው ይቅር በይ እንዳሏት፣ ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ በጣቷ እንዳስፈረሟት ነገረችኝ። ወረቀቱ ምን ይላል?

«ሂን ቤኩ» አለች። አላውቅም። አላነበቡላትም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት ወሰድናት። የጆሮዋ ታምቡር ተበስቷል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትንሽ ተቆጣ። ቶሎ ብትመጣ ጥሩ ነበር፣ አሁን መግል ይዟል አለ። ጠብታና ኪኒን አዘዘ። ውኃ እንዳይገባው፣ በታህሳስ መልሳችሁ አምጧት። ይድናል ወይ ስለው «ቀዳዳው ሊዘጋ ይችላል፤ መስማቱን ግን አሁን ሙሉ ነው ልልሽ አልችልም» አለ። ለሳሊሀ ሳስተረጉም የመጨረሻውን ልደብቃት ፈልጌ ነበር። አልደበቅኳትም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

አቶ ኤልያስ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልደነገጡም! «ጉዳዩ በሽምግልና አልቋል ወይዘሮ ሐጂራ። ኮሚቴውም ያውቀዋል» አሉኝ።

የትኛው ኮሚቴ?

መዝገቡን አወጡ። የመስከረም 28 ቃለ ጉባኤ፣ ተራ ቁጥር አራት። «ተማሪ ሱሀይላ በእረፍት ሰዓት ስትጫወት ወድቃ ጆሮዋ ላይ ጉዳት የደረሰባት ሲሆን ጉዳዩ ከቤተሰቧ ጋር በስምምነት ተጠናቋል።»

ሥሩ የእኔ ፊርማ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምንም አልሰፋሁም። አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

ሳሊሀ ማንበብ ስለማትችል ፈረመች። እኔስ?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ጋሽ ሀቢቡላህ ቤት ሄድኩ። እግሬ እየተጎተተ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ከትምህርት ሊያስወጣኝ ሲል ሦስት ጊዜ ቤታችን የተመላለሱት እሳቸው ናቸው። በየቀኑ የሆንሽውን ጻፊ፣ እጅሽ እንዳይረሳ ያሉኝም እሳቸው። ይሄን ደብተር የምጽፈው በእሳቸው ምክንያት ነው። አሁን ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

የሱሀይላን ነገር አነሳሁባቸው። «አንቺንም መትቼ ነው ያስተማርኩሽ» አሉኝ።

«አስተምረውኛል ጋሼ። ስለመቱኝ ግን አይደለም።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ? አዋርደሽ ልታስወጪኝ?»

«ወድቃ ነው የሚለው ወረቀት ውሸት መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ወድቃ የሚለውን አያውቁም ነበር! ይቅርታ ተጠይቆ አለቀ ብለው ነበር የነገሯቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ግን በሩን ከፈቱልኝ፣ ውጪ ማለታቸው ነው። ወጣሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሳቢሃ አለቀሰች። «እማ፣ ጋሼ ከሄዱ ሚኒስትሪ ሒሳብ ማን ያስተምረናል? ልጆቹ ሁሉ እኮ በእናትሽ ምክንያት እያሉኝ ነው!»

እውነቷን ነው። ከእሳቸው የሚሻል የሒሳብ መምህር የለም። «አንቺን ቢሆንስ የመቱሽ?» አልኳት። «እኔን አይመቱኝም፣ ጎበዝ ነኝ» አለች... ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው መሰለኝ፤ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ወሬው ከተማውን ሞልቶታል። ሁለት ደንበኞች ገና ለስፌት ያልተቆረጠ ጨርቃቸውን መልሰው ወሰዱ። አንዱ የኮሚቴ አባል እኔ ከመምህር ጋር አልጣላም ብሎ ለቀቀ። ጎረቤቴ በሰላምታ መሀል «የአንድ ሽማግሌ እንጀራ ከመዝጋት ሌላ ሥራ አጣሽ?» አለችኝ። አስታግፊሩላህ አልኩና አለፍኩ።

ልተወው ይሆን?

አልተወውም። ጋሽ ከፈለን ጠርቼ የአስቸኳይ ስብሰባ ደብዳቤ አብረን ጻፍን። መመሪያው ይፈቅዳል፤ አንቀጹን ሁሉ ጠቀስን። አቶ ኤልያስ አዳራሹ ፈተና ስላለ አይመችም አሉ። ግቢው ውስጥ ቆመን እንሰበሰባለን አልኳቸው። «ወይዘሮ ሐጂራ፣ የትምህርት ቤቱን ስም ማጥፋት እኮ ነው» አሉኝ። «ስሙን ያጠፋው ወረቀቱ ነው» አልኩ። ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሳሊሀ ዘንድ ሄድኩ። ስብሰባው ላይ ተናገሪ አልኳት። እምቢ አለች፣ የከተማ ሰው ፊት አልቆምም። አላስገደድኳትም። ያልፈለግሽውን አንቺን ወክዬ አልናገርም፣ የፈረምሽውን ግን አነብልሻለሁ አልኳት። የወረቀቱን ቅጂ ጋሽ ከፈለ በስንት ምልልስ አግኝተውት ነበር። በአፋን ኦሮሞ እየመለስኩ አነበብኩላት። ወድቃ የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። ድገሚው አለች። ደገምኩት።

ህዳር 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ግቢው ሞላ። ይሄን ያህል ሰው አልጠበቅኩም። አቶ ኤልያስ ከፊት፣ መምህራኑ በጎን። ጋሽ ሀቢቡላህ ከኋላ ግድግዳው ጋ ቆመዋል። ሰላምታ ሰጠሁ። መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው ልናገር አልፈለግኩም። እንዲህ አልኩ፣ «ሐጂራ እባላለሁ። የዚህ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። መስከረም 28 ቀን ያላነበብኩትን ቃለ ጉባኤ ፈርሜያለሁ። አንድ ልጅ ወድቃ ተጎዳች ይላል። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ሳላውቅ ፈረምኩ፣ ግን ማወቅ ሥራዬ ነበር። ፊርማዬን አነሳለሁ። እናንተንም ሱሀይላንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።» በአማርኛ ጨርሼ በአፋን ኦሮሞ ደገምኩት። ሁለተኛው ይከብዳል... ስንት ሰው ገና አሁን እየሰማ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታያል።

ማጉረምረም ተነሳ። አንዱ አባት «ልጅ ሳይቆነጠጥ ያድጋል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። የተወሰኑት አጨበጨቡለት። አቶ ኤልያስ ተነሱና ለስለስ ብለው፣ ቤተሰቧ ወድቃ እንደሆነ አምነው ፈርመዋል፣ ሰነዱ አለ አሉ። ያንንም በአፋን ኦሮሞ አሰማሁ።

ያኔ ከሴቶቹ መሀል «ሂን ኩፍኔ!» የሚል ድምፅ።

ሳሊሀ። ከመጋዘን እንደወጣች፣ ሻሿ ላይ የቡና ገለባ። «ሂን ኩፍኔ!» አለች እንደገና። አልወደቀችም! ልጄ አልወደቀችም። ይቅር በይ አላችሁኝ፣ ይቅር አልኩ። ወደቀች በይ አላላችሁኝም። አላልኩም!

እኔ ማስተርጎም ጀምሬ አልቻልኩም። ጋሽ ከፈለ ጨረሱልኝ።

ከኋላ ጋሽ ሀቢቡላህ ቀስ ብለው ወደፊት መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። «መትቻታለሁ» አሉ። «በእጄ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ መምታት የማስተማር ክፍል ይመስለኝ ነበር። ያቺ ልጅ ግን ጆሮዋን ይዛ ስትቀመጥ አይቼ፣ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ያ ነው የሚያሳፍረኝ።» ሳሊሀ ፊት ቆሙ። በአፋን ኦሮሞ ይቅርታ ጠየቋት። አልመለሰችላቸውም። ግን አልሄደችም፣ እስኪጨርሱ ቆማ ሰማቻቸው።

እዚያው ቆመን አዲስ ቃለ ጉባኤ ጻፍን። ጋሽ ከፈለ ጻፉ፣ እኔ በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይላካል። ልጅን መምታት በዚህ ግቢ አይፈቀድም የሚለው ላይ እጅ ሲወጣ፣ ያ የጮኸው አባት አላወጣም። ይሁን።

ህዳር 23፣ ማክሰኞ

መልስ መጣ። ለጋሽ ሀቢቡላህ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ አምስተኛ ክፍል ለሌላ መምህርት ተሰጠ፣ ስምንተኛን ግን ያስተምራሉ። አቶ ኤልያስ ስለ ወረቀቱ እንዲያስረዱ ተጠርተዋል፤ የእሳቸው ገና አላለቀም። ግማሹ ሰው አነሰ ይላል፣ ግማሹ በዛ ይላል። እኔ? አላውቅም። መመዘን አልችልም፤ አንዱ ወገን መምህሬ ነው።

ሱሀይላ ግን ዛሬ ክፍል ገባች! ከፊት፣ በግራ ጥግ አስቀምጠዋታል፤ ደህናው ጆሮዋ ወደ መምህርቷ እንዲሆን። ሄጄ በመስኮት አየሁ። እጇን አውጥታ ነበር። አልሐምዱሊላህ።

ታህሳስ 4፣ ቅዳሜ

ሐኪም ቤት። ቀዳዳው እየጠበበ ነው፣ መግሉ የለም። መስማቱ ተሻሽሏል፣ ሙሉ ግን አይደለም። ምናልባት አይመለስም።

ስንመለስ አወቱ መንደራ ሰፈር ጋ ጋሽ ሀቢቡላህን አገኘናቸው። ሰላምታዬን መለሱ። እንደ ድሮው ግን አልቆሙም። ያ ይቆያል፣ ምናልባትም እንዲሁ ይቀራል። እየከበደኝም ቢሆን እችለዋለሁ።

ታህሳስ 11፣ ቅዳሜ

የኮሚቴ ስብሰባ። በለቀቀው አባል ቦታ ወላጆች ሳሊሀን መርጠዋታል። ስሟን የጠራሁት እኔ አይደለሁም፤ አብረዋት መጋዘን የሚውሉት ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ትመጣለች ብዬ አላመንኩም ነበር። ከሁላችን ቀድማ ደርሳ፣ ጫማዋን አጥባ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

አቶ ኤልያስ ስለ አጥሩ ጀመሩ። ጋሽ ከፈለ ጎኗ ተቀምጠው ያስተረጉሙላታል። አጥር፣ ቧንቧ፣ ቀለም... ሁሉንም ሰማች። ከዚያ እጇን አወጣች። እኔ እንደማስታውሰው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ለመናገር እጅ ያወጣ ሰው አልነበረም።

ቀስ ብላ ጠየቀች፣ ዛሬ ለማስተርጎም ማንም አልቸኮለም፣ አቶ ኤልያስም ራሳቸው በአፋን ኦሮሞ ነው የመለሱላት። የጠየቀችው ይሄ ነበር፦

«በዚህ ሳምንት ስንት ልጅ ቀረ? ማንስ ቤታቸው ሄዶ አያቸው?»