ክብሪቱን ማን ጫረው?

ሐዋሳ፣ ሰኔ 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? የቡታጅራ ዝናብስ ገባ? እኔ ዓይኔ ኮምፒዩተር ላይ ከመፍዘዙ በቀር ደህና ነኝ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን። ስልኩን ትቼ የጻፍኩልሽ ድምፅሽን ከሰማሁ መናገር ስለማልችል ነው።

የምሥራቹን ላስቀድም። የማስተርስ ሥራዬን ትናንት አቅርቤ አለፍኩ። አባዬ ሲያሾፍበት የኖረው ሥራ ነው። በጣም ሩቅ ያሉ ግዙፍ ጋላክሲዎችን የከበበ የሃይድሮጂን ጋዝ ደመና አለ፤ ያበራል። እኔ ደመናውን በኮምፒዩተር አስመስዬ እየሠራሁ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እፈልጋለሁ። ይህን ሱቃችን ውስጥ ያስረዳሁት ቀን አባዬ ከት ብሎ ስቆ «ጋዙ ከበራ፣ ክብሪቱን ማን ጫረው?» አለኝ። መልሱን ሳልይዝ እንዳልመጣም አስማለኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ስሌቱ እየተቋረጠ፣ ከሀ እየጀመርኩ ሁለት ዓመት ፈጀሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ልነግረው በስልኩ ስደውል አንቺ አንስተሽ «ተኝቷል» አልሽኝ። በማግሥቱ «ገበያ ወጥቷል»። አባዬ ስልኩን ቤት ትቶ ገበያ ይወጣል? ከዚያ ወንድሜ ሰይፈሚካኤል ፂሙን አጎፍሮ ሊጠይቀኝ መጣ። ሁለት ቀን ካልተላጨ የሚያሳክከው ልጅ! «ፋሽን ነው» አለኝ። አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ አዘዝኩለት፤ አንዴ ጎርሶ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። በቀልድ ካልሆነ አናግሮኝ የማያውቀው ጎረቤታችን ጋሽ አብዱልፈታህ እንኳ ደውሎ «ልጄ፣ በርትተሽ ጨርሺ» አለኝ።

እማዬ፣ አልጠየቅኋችሁም። ትምህርቴ እንዳይሰናከል ብላችሁ ነው፤ አልተቀየምኩም። ግን ከበደኝ። እናንተ ተቃቅፋችሁ ታለቅሳላችሁ፣ እኔ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ ብቻዬን ሐይቅ ዳር እዞራለሁ። ጓደኞቼ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ፈተና እላቸው ነበር።

አሁን ዘመድ ሰብስባችሁ ጎህ ሲቀድ በሬን እንዳታንኳኩ። ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ። የለበስሽውንም ጥቁር ለእኔ ብለሽ አታውልቂ።

የአባዬን መልስ ለአንቺ ልንገርሽ። ክብሪቱን የሚጭረው መሃል ያለው ጋላክሲ ነው። እሱ ራሱ በአቧራ ተሸፍኖ አይታየንም፤ የምናየው ብርሃኑ ወጥቶ ደመናው ላይ ሲበተን ነው። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ ላይ መሃሉን አጠፋሁት። ደመናው ወዲያው ይጨልማል ብዬ ስጠብቅ፣ ገና ብዙ ሺህ ዓመት ሲያበራ ቆየ። መምህሬ ስህተት መስሎት አስደገመኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

እስክንገናኝ መድኃኔዓለም ያበርታሽ። እንባሽን አትጨርሺው፣ ለእኔም አስቀሪልኝ።

የሁለታችሁ ልጅ