ሳሮንን የያዛት ምች አይደለም

የኔ ደሬ፣

ትተኸን ከሄድክ ይኸው ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። የብረት በር ትሠራበት የነበረውን ቤት ለባለቤቱ መለስኩ፤ የብየዳ ማሽንህን ግን መሸጥ አልሆነልኝም፣ አልጋ ሥር አለ። እናትህም እኛው ጋ ገብተዋል። ይህን ልነግርህ ግን አይደለም የተነሳሁት። ሳሮን ታማብኛለች።

ጡት ባስጣልኳት በወሩ አፏ ዙሪያ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ከዚያ መቀመጫዋ ቆሰለ፣ ተቅማጡም አልቆም አለ። እናትህ ምች ነው ብለው ዳማከሴ እያሹ ቀቧት። ጎረቤቱም ምች ነው አለ፣ እኔም አመንኩ፤ ማን የማያምን አለ? ፀጉሯ እየተነቀለ እጄ ላይ ሲቀር ግን ነፍሴ ተጨነቀች፣ ታቅፌያት በታክሲ ወደ ዘነበወርቅ ሆስፒታል በረርኩ።

ሐኪሟ ልጅቷ ዚንክ የሚባል ንጥረ ነገር አጥሯታል አለችኝ። ምግብ አልሰጣትም እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ዚንክን ከአንጀት ወደ ሰውነት የሚያስገባ በር አለ፣ በሩን የሚሠራው ዘረ-መል ሳሮን ላይ ተበላሽቷል፤ እስካሁን ደግፎ ያቆያት ጡቴ ነው። ሕመሙ የሚመጣውም ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረ-መል ሲገጣጠም ነው። አየህ ጉዳችንን? የኮልፌን በር ሁሉ ስትበይድ ኖረህ የልጃችን በር ይበላሽ! ሳቄ መጣ፣ ወዲያው አለቀስኩ። አባቷን ትምሰል እያልኩ እጸልይ አልነበር?

መድኃኒቱ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጠው የዚንክ እንክብል ነው። ውኃ ውስጥ እያሟሟሁ በየቀኑ እሰጣታለሁ፣ ዕድሜ ልኳን። ጦር ኃይሎች ያለው ፋርማሲ አልቋል ያለኝ ቀን እህል አልወርድ አለኝ። አንድ ቀን ብረሳስ? እኔም እንዳንተ ድንገት ብሄድስ ማን ይሰጣታል?

እናትህ በእንክብሉ አላመኑም ነበር። ቁስሏ መድረቅ ሲጀምር ግን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ከአንተ በፊት የተወለደው ወንድምህ፣ ጡት እንደጣለ ምች ገደለው የሚሉት፣ አፉ እንዲሁ ሆኖ ነበር አሉኝና ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ደሬ፣ አንተንም መድኃኒቷንም አልረሳም፣ በልጃችን እምልልሃለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ዛሬ ጠዋት ስነሳ እናትህ ቀድመውኛል፤ ሳሮንን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በማንኪያ እያጠጧት ነበር። ጠጣልኝ ልጄ እያሉ የሚያባብሏት በሟቹ ወንድምህ ስም ነው። እኔም አላረምኳቸውም።