ጎርፉን ተከትሎ ስለሚደርሰው ትንበያችን

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከሦስተኛ ፎቅ ሆነው ወንዙን ለሚያዩበት ሰፊ መስኮት ጤናና ደኅንነትን እመኛለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተን ስላልተዋወቅን፣ እኔ ምድር ቤት ከአሥራ ስድስት ኮምፒውተሮች ጋር የምውለው የጎርፍ ትንበያ ፕሮግራመር ነኝ።

እንደሚያውቁት፣ ባያውቁትም እንደፈረሙበት፣ እነዚህ ርካሽ ኮምፒውተሮች በፈጣን ገመድ ተያይዘው የአንድ ትልቅ ማሽን ስሌት ተከፋፍለው ይሠራሉ። ከላይኛው መለኪያ ጣቢያ ያለፈ ውሃ ታችኛው ሰፈር ለመድረስ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ትንበያችን ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስሌቱ የሚዘገየው ኮምፒውተሮቹ ሰንፈው ሳይሆን፣ የሚላላኩት እያንዳንዱ ትንሽ መልእክት የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ በሚቆጣጠረው ፕሮግራም፣ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ በኩል አልፎ እንዲገለበጥ፣ እንዲመረመርና ዳግመኛ እንዲገለበጥ ስለሚገደድ ነው፤ ልክ እኔ አጠገቤ ለተቀመጠችው ባልደረባዬ አንዲት ወረቀት ለማቀበል መዝገብ ቤት ወጥቼ ቁጥር እንዳሰጥ አምና እንዳዘዙን። የገመዱ ጉዞ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም፤ ጊዜያችንን የሚበላው ወረፋው ነው።

፪. ይህንኑ በጽሑፍ ባመለክት ኮሚቴ አቋቁመው ገመዱን በሌላ ፈጣን ገመድ አስቀየሩልን። አሁንም ዘገየን ስንል ደግመው አስቀየሩልን። ዛሬ መልእክቶቻችን ወረፋው ጋ የሚደርሱት በሚያስደንቅ ፍጥነት ነውና ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. እኔና ባልደረባዬ በትርፍ ጊዜያችን የመልእክት መላላኪያውን ሥራ ወደ ራሱ ወደ ፕሮግራማችን አምጥተን ገመዱ ከሚሰካበት የኔትወርክ ካርድ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር አደረግነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ማንነታችንን አጣርቶ በሩን ይከፍታል፣ ከዚያ ወዲያ በየመልእክቱ አይገባም። ትንበያው በሁለት ሰዓት አለቀ። በማግስቱ «ሥርዓት የለሽ አቋራጭ» የሚለው ደብዳቤዎ ደረሰንና አጠፋነው። በር ላይ ተፈትሾ የገባን ሰው በየእርምጃው ኪሱን መበርበር ጥንቃቄ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፬. ይህኛው የግል ነው፣ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ታላቅ እህቴ ታችኛው ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። ባለፈው ክረምት ማስጠንቀቂያችን ሲደርስ እሷ ሁለት ልጆቿን ይዛ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ነበረች፤ የስፌት ማሽኗን ውሃ ወስዶታል። ትንበያው ግን የውሃውን ከፍታ በአንድ ጣት እንኳ አልሳተም። መሥሪያ ቤት ውዬ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ ስለ አዲሱ ገመድ ፍጥነት እነግራታለሁ። ደክሞኛል፣ ክቡርነትዎ። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል።

የምለምነው ያጠፋነውን መልሰን እንድናበራ አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

ይህ ደብዳቤ በየገጹ ማኅተም አርፎበት ጠረጴዛዎ ላይ እስኪደርስ ድረስ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከእሱ ከማያንስ ድካም ጋር፣

የምድር ቤቱ ፕሮግራመር

ግልባጭ፦ ለመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መዝገብ ቤት እንደነገሩኝ ይህ ደብዳቤ በአራት ክፍሎች ተገልብጦ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ አሥራ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ለእህቴ ግን አንዱን ቅጂ በእጄ ወሰድኩላት፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አንብባ ስትጨርስ ዕቃዋን መጠቅለል ጀመረች፤ ዛሬ ከልጆቿ ጋር እኔ ቤት ናት። ሳይመዘገብ በመድረሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።